ስትጠግብ የምትቆም ሞተር

እሜቴ ጃዋ 350 ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እንድትነሣ ስትለመን ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣላት አይችልም። ደብረ ብርሃን ውስጥ እሷን የምትመስል ሁለተኛ አላጋጠመችኝም። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ካለ፣ ለአሮጌ ሞተር መለዋወጫ ፈልጎ የማያውቅ ሰው ነው። ብርቅ መሆን ለሰው ማዕረግ ሊሆን ይችላል፤ ለሞተር ግን ዘመድ ማጣት ነው።

የዘር ሐረጓ እንኳ የታወቀ ነው። ፍራንቲሼክ ያኔቼክ የሚባል የቼኮዝሎቫኪያ ባለፋብሪካ በ1929 እ.ኤ.አ. ቫንደረር ከተባለ የጀርመን ድርጅት የሞተር ሳይክል ንድፍ ገዛ። ከራሱ ስም ቆንጥሮ፣ ከድርጅቱም ስም ቆንጥሮ አንድ ላይ ሰፋና «ያቫ» አላት። እኛ ጎኗ ላይ የተጻፈውን በእንግሊዝኛ አፍ አንብበን «ጃዋ» አልናት። እሷም ለሁለቱም ስም አትሰማም።

ጉልበቷ 343 ሲሲ ነው፤ ሁለት ፒስተን፣ ሁለት ማርሚታ፣ አንድ ካርቡሬተር። መንታ በአንድ ጡት ማሳደግ ማለት ነው። ካርቡሬተሯ ጂኮቭ ይባላል፤ አገሩ ቼስኬ ቡዴዮቪትሴ ነው፤ ቡድቫይዘር ቢራ የሚጠመቅባት ከተማ። ባለቤቴ ይህን ከነገርኳት ቀን ጀምሮ በእሜቴ አጠጣጥ መገረም ትታለች። «ካደገችበት ምን ታድርግ» ትላለች።

ማርሿና ማስነሻዋ አንዲት ፔዳል ናት። ወደ ውስጥ ገፋ አድርገህ ወደ ላይ ብታዞራት ማስነሻ ትሆናለች፤ ስትመልሳት ማርሽ። ይህን የማያውቅ ሰው ማስነሻ ፍለጋ ሲዞራት ይውላል። አንድ ቀን የባለቤቴ ወንድም እኔ በሌለሁበት ሊዋሳት መጥቶ፣ ግማሽ ሰዓት ሲዞራት ቆይቶ «ማስነሻዋን ሰርቀዋችኋል» ብሎ እህቱን አርድቶ ሄዷል። ከሌባ ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ ቁልፍ አላውቅም።

የእሜቴ ትልቁ አመሏ ግን ምግቧ ላይ ነው። ዘይቷን የምትጠጣው ከቤንዚኗ ጋር ነው። እንደ መኪና ፒስተኑን የሚያለሰልስ ዘይት ለብቻው የሚቀመጥበት ቋት የላትም፤ የካምቢዮው ዘይት ካምቢዮውን እንጂ ፒስተኑን አያውቀውም። ስለዚህ ለ10 ሊትር ቤንዚን 300 ሚሊ ሊትር ዘይት እጨምራለሁ። ቢያንስ ፒስተኑ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፤ ቢበዛ ካንዴላው በጥላሸት ይደፈናል፣ ከኋላዬ የሚመጣውም ሕዝብ ይረግመኛል። ልክ ያስፈልጋል። ልክ ደግሞ መለኪያ ይፈልጋል። በቤታችን ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ዕቃ ቢፈለግ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፦ የልጅ ልጄ ጡጦ። እስከ 240 ድረስ ምልክት አለው፤ አንድ ጡጦ ከሩብ ሲሆን ልክ ይመጣል። ጡጦው ከቤት ጠፍቶ ሁለት ቀን ሲፈለግ ሰንብቶ፣ እኔ ማደያ ቆሜ ዘይት ስለካበት አንዲት የባለቤቴ ዕድርተኛ አየችኝ። ወሬው በእግሩ ሄዶ፣ በሞተር ከሄድኩት ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ።

ማደያ ላይ ዘይቱን አስቀድሜ፣ ቤንዚኑን አስከትዬ፣ በቴሌብር ከፍዬ ከተራው ወጣ እላለሁ። ሥራው ግን አላለቀም፤ ዘይትና ቤንዚን በደንብ እንዲዋሐዱ መናጥ አለባቸው። መሪዋን ይዤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አወዛውዛታለሁ። የተሰለፉት ባለባጃጆች ማጨብጨብ የጀመሩት ያኔ ነው። ከመካከላቸው ያስተማርኳቸው አሉ። «መምህር፣ እስክስታውን ጨምሩበት!» ይላሉ። እኔም እጨምራለሁ፤ ዘይት ካልተናጠ ሥር ይተኛል።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ እስክስታ ነው። ስትወዛወዝ ከክዳኗ ሥር ቤንዚን ፍንጥቅ እያለ የሰልባትዮዋን ቀለም በላው። የክዳኑ ጓርኒሲዮን አርጅቶ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈርፍሯል። አዲስ ይሸጣል ወይ ብዬ የጠየቅኩት ባለሱቅ መጀመሪያ ጃዋ ምን እንደሆነች፣ ቀጥሎ እኔ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ብልሃት አላጣሁም። ከአሮጌ የባጃጅ ካላማዳሪያ ላይ በመቀስ ክብ ቆርጬ፣ አስተካክዬ፣ ክዳኑ ውስጥ ገጠምኩ። በማግስቱ ብንጣት፣ ብንጣት ጠብ የለም። ለባለቤቴ በኩራት አሳየኋት። «ጎበዝ» አለችኝ፤ እኔም ወጪ የሌለው ጥገና ማለት ይኸው ነው ብዬ ተኛሁ።

ሳምንት ሳይሞላ እሜቴ መቆም ጀመረች።

ከማደያው ሞልቼ ወጥቼ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እንደሄድኩ መጀመሪያ አቅም ያንሳታል። ጋዝ እሰጣታለሁ፤ ጎተት ትላለች። ቀጥሎ ሳል። ሳል። ዝም። የምትቆመው ደግሞ ቦታ መርጣ ነው፤ ጃንጥላ ዘርግታ ሻይ ከምትሸጥ ሴት ፊት ለፊት። መቼም አገራችን ላይ የቆመ ሞተር ብቻውን አይቆምም። ሻይዋን ይጠጡ የነበሩት ሁሉ ተነሡ።

የመጀመሪያው ሐኪም ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። «ቤንዚን አላት?» አሉ። ክዳኑን ከፍተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩና «አላት» ብለው ዘጉት። «እንግዲያው ካንዴላ ነው።» ሁለቱንም ካንዴላ አስፈትተው፣ በሱሪያቸው ወልውለው፣ መልሰው አሳሰሩ። በአንድ ምት ተነሣች። «አላልኩም!» አሉ። ሻያቸው በእኔ ሒሳብ ሆነ።

በሚቀጥለው ሙሊት እዚያው ቦታ፣ ያው ሳል። አሁን ተራው የአንድ ባለባጃጅ ነበር። ክዳኗን ከፈተ፣ ነቀነቃት፣ ሲንቦጫረቅ ሰማ፣ ዘጋ። «መምህር፣ ቱቦው ነው» ብሎ ቱቦዋን ነቅሎ በአፉ ነፋባት። ተነሣች። ቤንዚኑን እየተፋ «ሌላ ጊዜ እኔን ይጥሩኝ» አለኝ። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ክዳኑን ለወጉ ያህል ከፈት ዘጋ አድርጎ «ኮንደንሰር» አለና አንዲት ሽቦ በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። ተነሣች። አራተኛዋ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናት ነበሩ። «ዓይን ነው ልጄ፤ እንዲህ ያለች ብርቅ ይዘህ መንገድ ለመንገድ!» አሉና ከጠርሙሳቸው ጠበል መብራቷ ላይ ረጩላት። እኔ ቤንዚኑ ውስጥ ውኃ ገብቶ እንዳይሆን ሰግቼ ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፤ አልገባም። ረገጥኳት። ተነሣች። እናታችን እያማተቡ ሄዱ፤ እኔም አማተብኩ።

ሁሉም አድነዋታል። ማንም አላዳናትም።

ግራ የሚያጋባው ሌላው ነገር፣ ስትሞላ ቶሎ ትቆማለች፤ ግማሽ ሲሆን ግን አራት አምስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ጡረተኛው ሾፌር ይህን ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ጥጋብ ነው። በቅሎም እንዲህ የምታደርግ አለች። አታጥግባት።» ምክር ነውና ተቀበልኩ። ለሦስት ሊትር ቤንዚን ሙሉ ጠዋት መሰለፍ ጀመርኩ። ቀጂው «መምህር፣ ሞተር ነው የሚያጠጡት ወይስ ዶሮ?» አለኝ።

በመጨረሻ ጋሼ ጋ ወሰድኳት። ጋሼ ከጣሊያን ከተማረ መካኒክ የተማሩ፣ ካቻቪቴ ሲይዙ እንደ ቄስ መስቀል የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አላስነገሩኝም። ካርቡሬተሩን አውርደው፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ብትንትኑን አወጡት። ያኔ ነው እሜቴን ገና ከውስጥ ያወቅኳት። ጓዳዋ ውስጥ አንድ የነሐስ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚን ሲሞላ ከፍ ብሎ በመርፌ በሩን ይዘጋል፣ ሲጎድል ወርዶ ይከፍታል። ደጁን የሚጠብቅ ዘበኛ ማለት ነው። ከሱ ሥር የምስር ቅንጣት የማታክል የነሐስ ፍሬ አለች፤ መሀሏ ላይ ያለችው ቀዳዳ ለዓይን የምታስቸግር። እሜቴ የምትጠጣው ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ነው የሚለካው።

ጋሼ ቀዳዳዋን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ። ረዳታቸው ቀጭን ሽቦ ሊያቀብል ሲል እጁን መቱት። «ሽቦ ያሰፋዋል! አንዴ የሰፋ ቀዳዳ፣ ወሬ እንደ ለመደ ጆሮ ነው፤ ልኩን አያውቅም።» ከግድግዳው ላይ ጭራ አወረዱ። ዝንብ የሚያባርሩበትን። አንዲት የፈረስ ጸጉር ነቀሉና በቀዳዳዋ አሳለፉ። ቡናማ ሙጫ ይዛ ወጣች። «ተቀምጦ የከረመ ቤንዚን ነው፤ ሲተን ሙጫውን ጥሎ ይሄዳል። ወይ ንዳት፣ ወይ ቤንዚኑን አፍስሰህ አስቀምጣት» አሉኝ።

ቀጥለው ካንዴላውን አዩ። ጥቁር፣ እንደ ምጣድ ጀርባ። «ይህ ካርቡሬተር የተለካው ለየት አገር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ቼስኬ ቡዴዮቪትሴ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ 2,800 ላይ ነን። «በል እንግዲህ» አሉ ጋሼ፤ «እዚህ አየሩ ሩብ ያህል ሳስቷል። ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ወጥ ሳይቀነስ እንጀራው ቢቀነስ ምን ይሆናል? ይንቦጫረቃል!» የጋዙን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አደረጓት፤ ፍሬዋ ደግሞ በትንሿ መለወጥ አለባት። እዚህ ላይ ዕድል ረዳኝ። ጃዋ በሕንድ አገር ማይሶር ውስጥ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ትሠራ ነበር፤ ስሟ በኋላ «ዬዝዲ» ተባለ እንጂ ዘሯ ያው ነው። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ማይሶር ተምሮ ሲመለስ፣ ለአጎቱ ሸሚዝ መግዛት ትቶ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ የካርቡሬተር ዕቃ አምጥቶልኝ ነበር። ከዚያ ውስጥ ልኳ ተገኘች።

«ግን አስተውል» አሉኝ ጋሼ። «ጣርማበርን አልፈህ ሸዋ ሮቢት የምትወርድ ከሆነ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ስትደርስ አየሩ ይወፍራል፤ ያኔ ይህች ትንሿ ፍሬ ታስርባታለች፣ ፒስተኑም ይግላል። ትልቋን ኪስህ ይዘህ ሂድ። ቁልቁለቱን ደግሞ ጋዝ ዘግተህ ድፍት ብለህ እንዳትወርድ። ቤንዚኑን ስትዘጋ ዘይቱንም ዘጋህባት። ፍሪሲዮን እየያዝክ አልፎ አልፎ ጋዝ ስጣት።» ወደ ቆላ ለሠርግ የሚወርድ ሰው ጥሬ ገንዘብ ይይዛል፤ እኔ የነሐስ ፍሬ።

ሰልባትዮዋንም አልተውናትም። የደብረ ብርሃን ሌሊት ባዶ ቦታ ያለው ሰልባትዮ ውስጥ ጤዛ ያበቅላል፤ ውኃው ከሥር ይተኛና ብረቱን ያዝጋል፤ ዝገቱ ደግሞ ወንፊቱን ይደፍናል። ሦስት ሊትር ሦስት ሊትር እየቀዳሁ ሳስርባት የከረምኩት እኔ ስለሆንኩ አንገቴን ደፋሁ። አቼቶ ሞላንባት፤ ከአቼቶው ጋር እንዲፈገፍጋት 20 ዳዶ ጨመርንና ተራ በተራ ናጥናት። ቀይ ወጥ የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። ዳዶዎቹን ስንቆጥር 19 ሆኑ። አንደኛው እስከ ዛሬ ውስጥ ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ስንደርስ ያዜማል።

ወንፊቱ ተለወጠ፣ ቱቦው ተለወጠ፣ ካንዴላው ተለወጠ። እሜቴ ጢሷ ቀነሰ፣ ድምፅዋ ጠራ፣ ዳገቱን እንደ ኮረዳ ወጣችው። ጋሼን መርቄ፣ ኪሴን አራግፌ፣ ማደያ ገብቼ ጢም አድርጌ ሞላኋት። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል። ሳል። ሳል። ዝም። ሻይ ሻጯ ሳታየኝ ብርጭቆዬን አጠበች።

መልሱ የመጣው ከወጥ ቤት ነው። ቅዳሜ ማታ ባለቤቴ አዲስ የዘይት ጀሪካን ከፍታ ድስት ላይ ስታንቆረቁር፣ ዘይቱ ጉልክ ጉልክ እያለ፣ አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲቆም፣ ምድጃውን ሁሉ አለበሰው። «ኤጭ!» አለችና ጀሪካኑን አስቀምጣ ሚስማር አነሣች። እሳት ላይ አግላ ከላይ በኩል፣ እጀታው ጥግ፣ አንዲት ቀዳዳ በሳች። መልሳ ስታንቆረቁረው ዘይቱ እንደ ክር ወረደ።

«ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«ምን አደረግሁት? በሳሁት እንጂ። አየር ካልገባበት በምን ይወጣል?»

እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሷም ድስቱን ማማሰል አቆመች፤ ቀስ ብላ ዞረች፤ እኔን አየች፤ በመስኮት እሜቴን አየች።

«አንተ» አለች፤ «የምታስተምረው ፊዚክስ አይደለም እንዴ?»

ነው። ሃያ ስምንት ዓመት። ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት ለዘጠነኛ ክፍል የአየር ግፊት አስተምሬ ነበር። ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ውኃ አፍልተን፣ አፉን ግጥም አድርገን፣ ቀዝቃዛ ውኃ ስናፈስበት ቆርቆሮው ጭምድድ ብሎ ሲጨፈለቅ ተማሪው ሁሉ «ዋው!» ብሏል። እኔም «ልጆች፣ ያላየነውን አየር አንናቀው» ብዬ ጠመኔዬን አራግፌ፣ በእሜቴ ተሳፍሬ፣ ሄጄ ቆሜያለሁ።

የእጅ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ክዳኑን ስከፍተው «ሽሽሽ» አለ። ይህን ድምፅ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የቤንዚን ትነት እየመሰለኝ አፍንጫዬን ስመልስ ነበር የከረምኩት። የካላማዳሪያ ክቤን አወጣኋት። ስቆርጣት ቀጭን ነበረች፤ አሁን ውኃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጣለች። የባጃጅ ጎማ አየር እንዲይዝ እንጂ ቤንዚን እንዲጠጣ አልተሠራም፤ ሲጠጣ ያብጣል። ክዳኑ ላይ ሠሪው በመርፌ ጫፍ ልክ የተዋት የአየር ማስገቢያ ነበረች፤ ያበጠው ጎማዬ እሷን ተደግፎ ተቀምጧል። ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው የሚገባ አየር የለም፤ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፣ ይሳሳል፣ ውሎ አድሮ ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀረዋል። ስትሞላ ቶሎ የምትቆመውም ለዚህ ነው፤ ውስጧ የቀረው አየር እፍኝ ስለሆነ ቶሎ ይሟጠጣል። ግማሽ ስትሆን የሚለጠጥ ብዙ አየር አላት። ጥጋብ አልነበረም። ትንፋሽ ነው ያጠራት፤ አፏን ያፈንኩትም እኔው።

ሐኪሞቿስ? ካንዴላ ያለውም፣ ቱቦ ያለውም፣ ኮንደንሰር ያለውም ምርመራውን የጀመረው «ቤንዚን አላት?» ብሎ ክዳን በመክፈት ነው። ያኔ አየሩ ይገባል፤ እሜቴ ትድናለች። የቀረው ሁሉ ምስጋና መቀበያ ነበር። የሚወጣውን ስናይ ከርመን፣ የሚገባውን የጠየቀ አልነበረም።

ጋሼ ከቡሽ አዲስ ጓርኒሲዮን ቆረጡልኝ፤ በቀዳዳዋ ትክክል በመርፌ ወጉት። ሒሳብ ስጠይቃቸው «ለባለቤትህ ክፈል» አሉኝ። ጢም አድርጌ ሞላሁ፣ እስክስታዬን መታሁ፣ ትንሽም ፈነጠቀች፤ ይሁን። ሻይ ሻጯን አለፍኩ። ከተማውን ጨርሼ በጣርማበር መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ወጥቼ ተመለስኩ። ሳል የለም።

በሦስተኛው ቀን ግን ሻይ ሻጯ መንገድ ላይ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ። «ምነው መምህር፣ ጠፉብን? እሜቴ ተሻላት እንዴ?» ደንበኛ ማጣቷ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ቆምኩ። ሁሉም እዚያው ተቀምጠዋል።

«ካንዴላ ነው ብዬ ነበር» አሉ ጡረተኛው።

«ኧረ ቱቦው ነው!» አለ ባለባጃጁ።

«ኮንደንሰሩን ነክቼላት የለ?» አለ የኤሌክትሪኩ ሰው። እናታችን ደግሞ ጠርሙሳቸውን ከነጠላቸው ሥር ብቅ አድርገው ፈገግ አሉ።

ያበጠችው ክብ ጎማ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ላሳያቸው ነበር ይዣት የምዞረው። በጣቴ አሻሸኋትና እዚያው ተውኳት። ለሁሉም ሻይ አዘዝኩ።

ልሄድ ስነሣ ሾፌሩ እንደ ልማዳቸው ጠጋ አሉ። «ቤንዚን አላት?» ክዳኑን ከፈቱ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፣ «አላት» ብለው ዘጉ። ረገጥኳት። በአንድ ምት ተነሣች።

ወደ ሌሎቹ ዞረው «አላልኳችሁም!» አሉ።